ከማጣበቂያ ክፍሉ በላይ ስለተቀመጡት «ንጹሓን» ሰዎች

ለተከበሩ የሥራ አካባቢ ጤና ምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በጥሩ አየር ውስጥ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ቢሮዎ ከፋብሪካችን ርቆ፣ ከከተማው ማዶ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ምኞቴ ከደብዳቤው ቀድሞ እንደ ደረሰ አምናለሁ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የጫማ ሶል በማስቲሽ ሳጣብቅ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አምና፣ ጡረታ ልወጣ ወር ሲቀረኝ፣ ባለሙያዎችዎ መጥተው ደሜንና ሽንቴን ወሰዱ። የማስቲሹ ትነት በዘረመላችን ላይ የሚተወውን ምልክት እንደሚፈልጉ፣ ምልክቱም ራሱ ካንሰር ሳይሆን ካንሰሩ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት የሚላክ ወሬ ነጋሪ እንደሆነ፣ ደም የቀዳችኝ ልጅ በትዕግሥት አስረድታኛለች። እስከዚያ ድረስ እብጠቱ በእጅ ካልተዳሰሰ ዞር ብሎ የሚያየን አልነበረምና፣ ጅብ ሳይሄድ የሚጮኽ ውሻ ተገኘ ብዬ ክንዴን በደስታ ሰጠሁ። ይህ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ግን እንደየአመላቸው ይታዩልኝ።

፩. አርባ ስድስት ገጽ ያለውን ሪፖርትዎን መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ተማሪ ቤት ስላልገባሁ ያልገባኝን ገጽ መዝለል አልተማርኩም። መደምደሚያው «በማጣበቂያ ክፍል ሠራተኞችና ለማወዳደሪያ በተመረጡት ሰዎች መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም» ይላል። ሥራ አስኪያጃችን ይህችን ዓረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደል አሳትመው በር ላይ ለጥፈዋታል። ትነቱን ጣሪያ አሻግሮ የሚያስወጣ አየር መሳቢያ ሊገዙ ነበር፤ አሁን ግዢውን ለመተው የፊታችን ሰኞ ይሰበሰባሉ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ስትሠራ አይቼ አላውቅም።

፪. ለማወዳደሪያ የተመረጡት፣ ማስቲሽ በእጃቸው ነክተው የማያውቁት ሃያ ሰዎች፣ የመዝገብ ቤታችን ሠራተኞች ናቸው። ምርጫው ያማረ ነው፤ ባለሙያዎችዎ አንድ ደረጃ ወጥተው አገኟቸው። ቅር የሚያሰኝ ትንሽ ነገር ቢኖር፣ መዝገብ ቤቱ ልክ ከማጣበቂያ ክፍሉ በላይ መሆኑ ነው። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ከታች አንዱ ሲያነጥስ ከላይ «ይማርህ» ይሉታል። የትነታችን ማውጫ ቱቦም ከመስኮታቸው አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ያበቃል። ዝናብ የመታቸውን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አቁሞ፣ እኩል ስለረጠቡ ዝናብ አልጣለም ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃልና፣ ስለ ድፍረትዎ አመሰግናለሁ።

፫. ከሃያዎቹ አንዷ ልጄ ናት። እኔን የበላ ትነት እሷን እንዳይነካት ብዬ፣ ያንን የመዝገብ ቤት ሥራ እንድታገኝ ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ። የእኔን ሠላሳ አንድ ዓመት ከእሷ ስድስት ዓመት ጋር አስተያይታችሁ ልዩነት አጣን ስትሉ፣ ሌላው ሰው እፎይ አለ፤ እኔ ግን ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመርኩ። እሷ ግን «አባዬ፣ አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታከብዳለህ፤ ደህና ነው አሉ እኮ» ትለኛለች። ደህና ነው ያሏት እርስዎ ስለሆኑ፣ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ስለዚህ ከሰኞ በፊት ያችን መደምደሚያ በጽሑፍ እንዲያነሡልንና ደማችንን ከፋብሪካው ርቀው ከሚውሉ ሰዎች ደም ጋር እንደገና እንዲያወዳድሩልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ሰው ካጡ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብዙ የተመቸው ክንድ አለ። መልሱን ከነገ ጧት ጀምሮ በተቋምዎ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ምሳዬን ይዤ ስለምመጣ አላስቸግርም።

ለሳይንስዎ ጥልቅ አክብሮት ያለው፣ በመደምደሚያዎ ግን ገና ያልተስማማ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ለሁለተኛው ዙር የተዘጋጀ፣

የቀድሞ ሶል አጣባቂ

ግልባጭ፦ ለሚተነፍስ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በኮምፒውተር የጻፈችልኝ ልጄ ናት፤ በምሳ ሰዓቷ፣ እዚያው መዝገብ ቤት ተቀምጣ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ስትደርስ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች። ወረቀቱ ቢሸትዎት አይስጉ፤ ከማይሸት ወረቀት ጋር የጎላ ልዩነት የለውም።