ስሜን በቀይ ቀለም ለሰቀሉልኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ነህምያ
የለምለም ጥላ መናፈሻ ሥራ አስኪያጅ
ድሬ ዳዋ

ጉዳዩ፦ ስለ ጀልባዎ፣ ስለ ሰሌዳዎና ስለ ስሜ

የተከበሩ አቶ ነህምያ ሆይ፣ ሰውም ግድግዳም በሚያልበው በዚህ ወር ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ በተረጋጋ መንፈስና በደረቀ ካልሲ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የባለቤትዎን፣ የልጆችዎን፣ የሠራተኞችዎን፣ በተለይም የጀልባዎን ደህንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የእኔን ደህንነት ለማወቅ ከፈለጉ በመናፈሻዎ በር ላይ በቀይ ቀለም ስላስጻፉት ሲገቡም ሲወጡም ሊያነቡት ይችላሉ።

እኔ ዓብዱልአዚዝ እባላለሁ፤ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የባጃጅና የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። እርስዎ ይህን በሚገባ ያውቃሉ፤ የጻፍኩት ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ ቆሞ ለሚያነበው አላፊ አግዳሚ ነው። ለዚሁ አላፊ አግዳሚ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በመናፈሻው መካከል ክብ ኩሬ አለ። በኩሬው ላይ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱባት «ሞገድ» የምትባል ባለሞተር ጀልባ አለች፤ ኩሬው ሞገድ ስለሌለው ስሙ ለጀልባዋ ተሰጥቷል። የጀልባዋ ሞተር እየጋለ ይቆማል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት ወዲህ በበሩ ላይ «ጀልባችን ከዓብዱልአዚዝ ሱቅ በተገዛ ጥራት የጎደለው ዕቃ ምክንያት ለጊዜው አገልግሎት አትሰጥም» የሚል፣ ከመናፈሻው ስም የሚበልጥ ሰሌዳ ተሰቅሏል።

ለዚህ ያለ ክፍያ ለተደረገልኝ ማስታወቂያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚያ በር ፊት የዋሂልም የቢዮ አዋሌም መኪኖች ስለሚያልፉ ስሜ በእግሬ ረግጬው ወደማላውቅ መንደር ሁሉ ደርሷል። ባለፈው ማክሰኞ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ደንበኛችን የሆኑት አዴ ሃሊሞ ለጓሮ አትክልታቸው ፓምፕ ሊገዙ መጥተው፣ ከሱቁ ደጃፍ ቆመው ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ጀልባ ያቃጠልከው አንተ ነህ አሉ። በውሃ ላይ ያለ ነገር ካቃጠልክ የእኔን ጎመንማ ምን ትተውልኛለህ፣ ወላሂ ፈራሁ» ብለውኝ፣ መርቀውኝ፣ ከጎረቤቴ ሱቅ ገዝተው ሄዱ። የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ ስሜን ትተው «ካፒቴን» ይሉኛል። ሱቁን ከአባቴ ስረከብ ዕቃው ሁሉ አርጅቶ ነበር፤ ያላረጀው ስሙ ብቻ ነው። እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ሰሌዳ እንዲወርድልኝ። እስከዚያው ግን ውለታዎን እንዳልረሳሁ ይታወቅልኝ ዘንድ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ማቀዝቀዣ ጥበብዎ። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከስሩ ካለው ውሃ ስቦ፣ በሆድ ዕቃው አዙሮ፣ በጎኑ ባለች ቀጭን ቀዳዳ መልሶ በመትፋት ነው። ይህን የምትሠራው የጎማ ክንፎች ያሏት አንዲት ትንሽ ፓምፕ ናት፤ ከእኔ የገዙትም እነዚያን የጎማ ክንፎች ነው። ሞተሩ ሲግል ታዲያ ማንኛውም ተራ ሰው «ውሃው ይገባል ወይ?» ብሎ በጠየቀ ነበር። እርስዎ ግን ተራ ሰው ስላልሆኑ፣ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ይመስል በላዩ ላይ የራሰ ጆንያ አስጣሉበት። የጀልባዋ ነጂ ዮኒስም የቀድሞ ባጃጅ ሾፌር እንደመሆኑ «የራዲያተሩ ክዳን የት ነው አቦ?» እያለ ሞተሩን ሲዞረው ዋለ። ጆንያው ሲደርቅ የቢሮዎን ቬንትሌተር አስነቅለው ወደ ሞተሩ አስዞሩት። አንድ ኃላፊ በድሬ ዳዋ ሙቀት የራሱን ቬንትሌተር ለሞተር ሲሰጥ ያየሁት በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እንባዬ መጥቶ ነበር።

፪ኛ. ስለ ሙሽራዋ ቬሎ። ከላይ ያልኳት ቀጭን ቀዳዳ ውሃ ስትተፋ ሞተሩ «ደህና ነኝ» ማለቱ ነው፤ ስታቆም ደግሞ «ድረሱልኝ» ማለቱ ነው። ይህች ቀዳዳ ከዕለታት በአንዱ የአንዲትን ሙሽራ ቬሎ ስለረጨች፣ ክቡርነትዎ የደንበኛን ክብር በማስቀደም በማስቲካ አስደፈኗት። ማስቲካውን ያኘከው ማን እንደሆነ እስካሁን አልተገለጸም። ሞተሩ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ሲግል ጢጥ ጢጥ የሚል የማስጠንቀቂያ ድምፅ ነበረውና በእርሱ መጮህ ጀመረ። ድምፁ ከሠርጉ ዘፈን ጋር ስላልሄደ ሽቦውን አስቆረጡት። እንዲህ ሆኖ ሞተሩ ከዚያ ወዲያ ምንም ቅሬታ አላሰማም፤ እርስዎም በስብሰባ ላይ «ችግሩ ተፈቷል» ብለው አስጨበጨቡ።

፫ኛ. ስለ ኤሌክትሪኩ። በዚህ ላይ ብዙ ማመስገን ስለሚኖርብኝ ትንሽ ይታገሡኝ። የጀልባዋ ባትሪ የተሠራው ሞተሩን ለማስነሳትና አንዲት መብራት ለማብራት ነው። በእርስዎ አመራር ግን ይኸው ባትሪ የዲኮር መብራቱን፣ የሚዜዎችን ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ፣ አንድ ጎረምሳ የሚያህል ስፒከርና በመጨረሻም ያንን ቬንትሌተር እንዲሸከም ተደረገ። ፊውዙ ይህን ችሎ መኖር አቅቶት ሲቃጠል፣ በቦታው የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ገባለት፤ ከዚያ ወዲህ የሚቃጠለው ፊውዙ ሳይሆን ሽቦው ሆነ። ሞተሩ እንዳይግል ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ቬንትሌተሩ ስለሚዞር ባትሪው ያልቃል፣ ባትሪው ስላለቀ ሞተሩ አይነሳም። ያልተነሳ ሞተር ደግሞ አይግልም። በዚህ መንገድ የሙቀቱ ችግር በእርግጥ የተፈታባቸው ቀናት እንደነበሩ አልክድም።

የክላክሱ ጉዳይስ? የክላክሱ ሽቦ ከመሪው ስር ስለተቀረቀረ ጀልባዋ ወደ ግራ በታጠፈች ቁጥር ክላክሱ ይጮሃል። ኩሬው ክብ ነው፤ ዮኒስ የሚዞረው ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው፤ ስለዚህ ክላክሱ ሁልጊዜ ይጮሃል። የሰፈሩ ሰው አቤት ሲል እርስዎ ከኩሬው ዳር «ክላክስ ማሰማት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተከሉ። ክላክሱ ማንበብ ስለማይችል ጩኸቱን ቀጠለ። ከዚያ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ብቻ እንድትዞር በደብዳቤ አዘዙ፤ ክላክሱ ዝም አለ፣ ሽቦው በዚያ በኩል ስለተጎተተ ግን መብራቱ ሁሉ ጠፋ። ሽቦውን ከመሪው ስር ማውጣት የአንድ ጣት ሥራ እንደነበር ሳስብ፣ ያንን ጣት ለፊርማ በማዋልዎ አደንቅዎታለሁ።

፬ኛ. ይህን ጽፌው ነበር፤ ነገር ግን እየጻፍኩ በጣም ስለሳቅሁ፣ ሳቅ ደግሞ ለደብዳቤ ጨዋነት ስለማይስማማ፣ ሰርዤዋለሁ። ስለ መልሕቁ ነበር።

፭ኛ. ስለ በሽታው ምንጭ። ክቡርነትዎ አስጠርተውኝ ከመካኒኩ ከዐብዲገኒ ጋር የመጣሁበትን ቀን ያስታውሱታል። ዐብዲገኒ ሥራውን አሳንሶ የሚናገር ሰው ስላልሆነ ገና ካቻቢቴውን ሳያነሳ፣ «አቦ፣ እኔ እኮ መርከብ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ፣ ጅቡቲ ሄዳችሁ ጠይቁ» ብሎ ጀመረ፤ ጅቡቲ የሄደው ለአክስቱ ልጅ ሠርግ እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሞተሩን አጋድሞ ውሃ የሚስብበትን ወንፊት ሲቆፍር በመጀመሪያ የወጣው የራሰ ቄጠማ ነበር። ቀጥሎ አንድ ነጭ ለስላሳ ነገር ወጣ፤ ከዚያም ሌላ፤ ከዚያም አንድ እፍኝ ሙሉ። ዐብዲገኒ በመዳፉ ይዞ አገላብጦ ካየው በኋላ «ዓብዱልአዚዝ፣ ይሄ ሞተር አልታመመም፤ ጠግቧል» አለኝ። ፈንዲሻ ነበር።

ማታ ማታ የቀን ውሎዬን የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ የዚያን ዕለት ግን «ዛሬ አንድ ሞተር ፈንዲሻ በልቶ አየሁ» ከማለት በቀር የምጨምረው አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባዋ መጀመሪያ ስትመረቅ የመስተንግዶ ኃላፊዎ ወይዘሮ ዘነበች እንደ ወጉ ኩሬው ላይ በሁለት ሰፌድ ፈንዲሻ በተኑ፤ ቄጠማም ጎዘጎዙ። ሞተሩ ከውሃው ጋር ምርቃቱንም ስቦ ዋጠ፤ ታፈነ፣ ጋለ፣ ቆመ። ከእኔ የጎማ ክንፍ ተገዝቶ ተገጠመለት። መጠገኑ ትልቅ ደስታ ስለሆነ እንደገና ተመረቀ፤ እንደገና ዋጠ፤ እንደገና ጋለ። ይህ ሞተር የሚሞተው ከደስታ የተነሳ ብቻ እንደሆነ ሲገለጥልኝ በሀገራችን ከዚህ የከበረ አሟሟት ያለው ሞተር ይኖር ይሆን ብዬ ተደነቅሁ። የእኔ የጎማ ክንፍ ግን ፈንዲሻው መካከል ተቀብራም ሳትቀደድ ተገኘች፤ ይህን ክቡርነትዎ በዓይንዎ አይተው፣ በጣትዎ ነክተው፣ «ይገርማል!» ብለዋል።

ክቡርነትዎ በተገረሙበት ሰዓት የወሰዱትን ፈጣን እርምጃ ለታሪክ ማስቀረት ግዴታዬ ነው። በመጀመሪያ «ከውጭ ምግብ ይዞ ወደ ጀልባው መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ። ቀጥሎ፣ ወንፊቱ ጸድቶ፣ ማስቲካው ተነቅሎ፣ ቀዳዳዋ ውሃዋን ፏ አድርጋ ስትተፋና ሞተሩ እንደ ድመት ሲያንኮራፋ ሲሰሙ፣ ደስታዎ ከልክ አልፎ «ይህማ ሳይመረቅ አይታለፍም!» አሉ። ወይዘሮ ዘነበችም ሰፌዳቸውን ይዘው ደረሱ። እኔ እጄን ዘርግቼ፣ እማማ ዘነበች፣ እባክዎ ቢያንስ መሬቱ ላይ ይበትኑት ብዬ ብለምናቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ጀልባዋ ያለችው ውሃ ላይ፣ ምርቃቱ መሬት ላይ? ለማን ነው የምመርቀው፣ ለአሸዋው?» ብለው ገሠጹኝ፤ ሰፌዱንም ገለበጡት።

የሆነውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሙሉ ልብስዎን ለብሰው፣ ከፊት ቆመው፣ ለሕዝቡ እጅዎን እያወዛወዙ ግማሽ ዙር እንደሄዱ ጭስ ወጣ፤ ጀልባዋ ኩሬው መካከል ቆመች፤ መሪው ወደ ግራ እንደታጠፈ ስለቀረ ክላክሱ ያለማቋረጥ ይጮህ ጀመር። ዮኒስ ሱሪውን ሰብስቦ ሲወርድ ውሃው ከጭኑ አለማለፉ ከዳር ላለን ሁሉ ቢታየንም፣ ክቡርነትዎ ግን በስልክ ነፍስ አድን ሠራተኛ ይጠሩ ነበር። በመጨረሻ በዮኒስ ጀርባ ታዝለው ወደ ዳር ሲመጡ፣ ለፎቶ የመጡት የሦስት ሠርግ አጃቢዎች እልል ያሉት ሙሽራ መስለዋቸው እንጂ በክፋት አልነበረም። ካልሲዎ መርጠቡ ግን አሳዝኖኛል።

ሰሌዳው የተሰቀለው በማግስቱ ጠዋት ነው።

እንግዲህ ለክቡርነትዎ ትሑት ምክር ልስጥና ላብቃ። ወንፊቱን ያስጠርጉ። ቀዳዳዋን ዳግመኛ አያስደፍኑ፤ ሙሽራ ከዚያ ጎን አትቀመጥ። የተቆረጠውን የማስጠንቀቂያ ሽቦ ያስቀጥሉ፤ ጢጥ ሲል ሞተሩን አጥፍቶ ወንፊቱን ማየት እንጂ ዘፈን መጨመር መፍትሔ አይሆንም። ለዘፈኑና ለመብራቱ ለብቻው ባትሪ ይግዙ፤ ከእኔ ባይገዙም አልቀየምም፣ ፊውዝ ግን እውነተኛውን ይሁን። ቬንትሌተሩን ወደ ቢሮዎ ይመልሱት፤ ውሳኔ የሚወሰንበት ክፍል ከሞተሩ ይልቅ ይግላልና። ፈንዲሻውን ሰው ይብላው። ከሁሉም በላይ፣ ምንም ያላጠፋችውን የጎማ ክንፍና እርሷን የሸጠውን ሰው ስም ከበሩ ላይ ያውርዱልኝ።

የመናፈሻዎ ጥላ እንዲሰፋ፣ ኩሬዎ ከዮኒስ ጭን ከፍ እንዲል፣ እርስዎም በራስዎ እግር ዳር የሚደርሱበት ቀን እንዲመጣ እየተመኘሁ፣ ለሥልጣንዎ፣ ለሰሌዳዎና ለቀይ ቀለምዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

ዓብዱልአዚዝ
ጀልባ ያላቃጠለው

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ዘነበች፣ ከነሰፌዳቸው
ለአዴ ሃሊሞ፣ ቢዮ አዋሌ (ጎመንዎ በሰላም ይደር)
ለኩሬው ዳክዬዎች፣ ፈንዲሻውን ቀድመው እንዲደርሱበት

ማስታወሻ፦ ክቡርነትዎ ይህን የሚያነቡት በመናፈሻዎ በር ላይ ቆመው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደብዳቤውን ትልቅ አድርጌ ያስጻፍኩት ሰሌዳዎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቼ ነውና። በሰሌዳው ላይ ያጣበቅሁት የባጃጅ ወንበር በምንለጥፍበት ሙጫ ስለሆነ በውሃ አይለቅም፤ በጥፍርም አይለቅም። የሚለቀው በከባድ ሙቀት ብቻ ነው። ሰሌዳዎን መልሰው ማየት ከፈለጉ ጀልባዋን እስከ በሩ አስጎትተው፣ ሞተሩን ከሥሩ አቁመው፣ ያስመርቁት።