ክፍልህ ውስጥ የሚዘንበው ዝናብ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንዴት ነህ? ጤናህስ? እንቅልፍስ? ምግብስ ይስማማሃል? ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ስለሚጀምር እንዳይመስልህ፤ ዘንድሮ መልሱን የምር ፈልጌው ነው። እኛ ደህና ነን። አባዬ ጉልበቱን ያማርራል፣ እማዬ አባዬን ታማርራለች፣ እኔ ደግሞ ሁለቱንም።

ነገሩ የተጀመረው አባዬ ዜና በትልቅ ድምፅ ካልሰማሁ ብሎ ነው። ክፍልህ ግድግዳ ላይ የቀረው ያ ያረጀ ድምፅ ማጉያ፣ አዲሱ የኢንተርኔት ሳጥን ከገባ ወዲህ ዱዳ ሆኖ አቧራ ሲጠጣ ነበር። አባዬ ጡረታ ቢወጣም መኪና ማስተማሩን መቼ ተወ! እኔ ስልኬን ስነካካ አጠገቤ ቆሞ «ቀስ! መስታወት እይ!» ይለኛል፤ እግሩ ምንጣፉ ላይ ፍሬን ይረግጣል። ሦስት ቀን ታገልኩ። ሽማግሌው ድምፅ ማጉያ የሚያውቀው የድሮውን ዋይፋይ ስም ብቻ ነው፤ አዲሱን አላውቅም ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ለአዲሱ ሳጥን የድሮውን ስም፣ አንተ ያወጣህለትን «አትንኩኝ»ን፣ ከነይለፍ ቃሉ ሰጠሁት። ወዲያው አረንጓዴ አበራ። አባዬ «አላልኩሽም?» አለ። ምን እንዳለኝ እስካሁን አልገባኝም።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ዝናብ መጣ። እማዬ ልብስ ልታስገባ ሮጣ ወጣች፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አንሶላዎቹ እንደ ካርቶን ደርቀዋል። ዝናቡ የሚዘንበው ክፍልህ ውስጥ ነበር። በሩን ከፈትነው፤ አልጋህ እንደተነጠፈ ነው፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ድምፁ ግን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዶፍ። ልብስ ሰፊዋ አክስታችን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጥታ «እዚህ ቤት የሆነ ነገር ገብቷል» አለችና ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። አባዬም ዜናውን እርግፍ አድርጎ ተወው። «ጉልበቴን ነው» ይላል እንጂ ደጃፉን አይረግጥም።

ስልኬን ከፈትኩ። አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ባለበት ቤት ዝርዝሩ ሁለት ያሳየኛል፤ «ቀኝ» እና «ግራ»። ግራውን እኮ አንተ ሻንጣህ ውስጥ ከተህ ነው የሄድከው! ፀጉሬ ቆመ። ቆይቶ ገባኝ፤ ሁለቱን በአካውንትህ አጣምረሃቸዋል፣ ቀኙ ኢንተርኔት ሲያገኝ መንታውን ፈልጎ አገኘ። አንተ እዚያ ሰው አገር ለመተኛት የምትከፍተው የዝናብ ድምፅ እዚህ ይዘንባል።

ግን «ቢሮ ነው የምሠራው» የሚለን ሰው በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይተኛል እንዴ? የሰዓት ልዩነታችን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሌሊት ሌሊት እየሠራህ ይሆናል ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ ግን ዝናቡ አላባራም፤ ቀንም ሌትም። እማዬ ወንበር ይዛ ገብታ ተቀመጠች። «ዝናቡ ውስጥ ሰው ይስላል» አለችኝ። ድምፅ ማጉያ አፍ እንጂ ጆሮ የለውም ብዬ ሳቅኩባት። ሐሙስ ዕለት እኔም ሰማሁት። አልሳቅኩም።

ዓርብ ጠዋት የግራውን ድምፅ ከዚህ ሆኜ ከሃያ ወደ ዜሮ አወረድኩት። ሁለት ደቂቃ ጸጥ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ቁጥሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሃያ ገባ። እማዬ «እጁ ነው» አለች። ያን ጊዜ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት።

እሁድ ስትደውል «ቢሮ ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ» አልክ። ዝናቡ ከስልኩም ከክፍልህም እኩል ይሰማ ነበር። አባዬ እንደልማዱ የስልኩን ድምፅ ለግቢው ሁሉ ከፍቶት «በእሁድ እንኳ!» ብሎ በኩራት አበጠ። እማዬ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ስንደውል አታነሳም።

ታመሃል? ሥራው ቀርቷል? ጽዳትም ይሁን ጥበቃ ማን ይቀየምሃል? አባዬ ያብጣል እንጂ አይፈነዳም፤ እሱን ለእኔ ተወው። ለእማዬ ግን እውነቱን ንገራት። ይህን ደብዳቤ የያዘልህ የአክስታችን ደንበኛ ነው፤ ነገ ይሳፈራል። ፊትህን ሳያይ ከደጅህ እንዳይነቃነቅ አስምዬዋለሁ፤ ስለዚህ በሩን ክፈትለት።

አባዬ ጉልበቱን እያሸ ሰላም ብሎሃል። አክስታችን ከአጥር ውጭ ሆና ሰላም ብላሃለች። እማዬ ሰላምታዬን በወረቀት አልልክም ብላ ስልኬን ይዛ «ግራ» የሚለውን እያየች ነው። በየጠዋቱ ዝቅ አድርጊው ትለኛለች፣ አንተ እስክትመልሰው እንጠብቃለን። ትናንት አሥር ደቂቃ ፈጀብህ። ዛሬ አርባ ደቂቃ አለፈ፤ ቁጥሩ ገና ዜሮ ነው።

ታናሽ እህትህ
ከክፍልህ፣ አልጋህ ጫፍ ላይ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት