ከምንባቡ ብቻ መልሺ

ቅዳሜ

ለባንኩ የቅጥር ፈተና ስንለማመድ አሁንም ተሳሳትኩ። ምንባቡ አንድ ገበሬ ብርቱካን ማልማት አቆመ ይላል፤ ብርቱካን ብዙ ውኃ እንደሚፈልግም ይጨምራል። ገበሬው ያቆመው ውኃ አጥሮት ነው? እውነት፣ ሐሰት፣ ወይስ መወሰን አይቻልም? ሐሰት አልኩ። የኛ ብርቱካን እዚሁ መርሳ በበሽታ ሲደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ! መልሱ ለካ መወሰን አይቻልም ነው። ሰብለ ሳቀችብኝ። አብሮ አደጌ ናት፤ አብረን ተመረቅን፣ አብረን ሥራ ፈታን። "ከምንባቡ ብቻ መልሺ፤ ስለ ጓሯችሁ ማን ጠየቀሽ?" አለችኝ።

ባንኩ በዜሮ ዓመት ልምድ የሚቀጥረው በቅርብ የተመረቀ ብቻ ነው። ከዘንድሮ ወዲያ እኔን አይመለከትም። ካላለፍኩ ሪያድ፣ እኅቴ ዘንድ። ደላላው መልሴን እየጠበቀ ነው። መሄድ አልፈልግም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኞ

ጭንቅላቴ ደርቋል። አንዱን ጥያቄ ተርጉሜ ለአባ አነበብኩላቸው። ገበያ የወጣ ነጋዴ ሁሉ ጤፍ ሸጠ፤ አህመድ ነጋዴ ነው፤ ገበያ ወጥቷል፤ ጤፍ ሸጧል? "የቱ አህመድ? የግራና ገበያው ከሆነ ከሽንኩርት ሌላ አያውቅም" አሉ ኮስተር ብለው። ሳቄ አመለጠኝ። በኋላ የማን ልጅ እንደሆንኩ ትዝ ሲለኝ ግን ሳቁ ጠፋ።

ረቡዕ

ዛሬ ከስህተቴ ትክክሌ በለጠ!! ደግሜ አረምኩት፤ እውነት ነው።

እማ ዱዓ አስደረገችልን። የሰብለ እናት እትዬ ፀሐይም መጥተው ከሁሉ ጋር "አሚን" ሲሉ ዋሉ። ሁሉም "አብሽሪ" ይለኛል። አብሽሪ ባሉኝ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ሐሙስ

ወልድያ ሄደን ተፈተንን። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ይህን ሁሉ ሰው የት ሊያደርጉት ነው? ጊዜ አልበቃኝም፣ የመጨረሻዎቹን በግምት አጠቆርኩ።

ደስ ብሎኝ የሠራሁት አንድ ብቻ ነው። ጌታቸውና ሰይድ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን ነው። ክርስቲያኑ ጌታቸው ነው? መወሰን አይቻልም አልኩ፣ ሳላመነታ። የሐራው አጎቴ ጌታቸው ጁምዓ አልፎት አያውቅም።

ስንወጣ ሁሉም እውነት ብሏል። ሰብለም ጭምር!

"አጎቴን ታውቂው የለ?" አልኳት።

"አጎትሽን እኔ እንጂ ፈተና አውጪው አያውቀውም" አለች።

ከምንባቡ ብቻ ያለችኝ እሷው ናት። ደግሞስ የመለስኩት ከምንባቡ ነው ወይስ ከአጎቴ? እኔም አላውቅም።

ቅዳሜ

ለሰብለ የቃለ መጠይቅ ጥሪ በስልኳ መጣላት። ለእኔ ምንም። የእኔን ስልክ ተቀብላ ራሷ አገላበጠች፤ ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ከእኔ ብሳ አለቀሰች። ቀናሁባት። እወዳታለሁ፣ ግን ቀናሁባት።

አባ ደጃፍ ተቀምጠው ሰምተዋል። "ኸይር ነው ልጄ" ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ። ለመግሪብ ሶላት ስንጠራቸውም አልመጡም። እማ "ተዪያቸው" አለችኝ።

ደላላው ደውሎ ነበር። ሰኞ ነጭ መደብ ያለው ፎቶ ይዤ እንድመጣ ፈልጓል። እሺ አልኩት። ነገ ሰብለን ቃለ መጠይቅ አለማምዳታለሁ፤ ሰው ፊት ስትናገር ድምጿ ይንቀጠቀጣል።