ራሴን ጥዬ የጣልኩት ዕለት

ለውድ እናቴ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ያ የቤይሩት ደረጃ ጉልበትሽን አልጨረሰውም? አሠሪዎችሽስ በቂ እንቅልፍ ያስተኙሻል? እኛ ከጭቃውና ከዝናቡ ጋር እየታገልን፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ሙሌ ሊጠልፈኝ እንደሞከረ ሰምተሽ ስታለቅሺ መሰንበትሽን አክስቴ በዛወርቅ ነገረችኝ። እውነት ነው። ግን ደህና ነኝ፤ ጥፍሬ እንኳ አልተነካም። ከሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።

ከሥራ ስወጣ ጁዶ እንደምማር ታውቂያለሽ። አሠልጣኛችን ጋሽ ሰብሃት «ራስን ጥሎ መጣል» የሚሉት አጣጣል አለ። ሰውዬው ሲገፋሽ ኮሌታውን ይዘሽ በጀርባሽ ትወድቂያለሽ፤ እግርሽን ሆዱ ላይ ታሳርፊያለሽ፤ በገዛ ግፊቱ በላይሽ ያልፋል። እኔን ግን እምቢ አለኝ። አባዬ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ ወድቆ ከሞተ ወዲህ፣ ወደ ኋላ ልውደቅ ስል ወገቤ እንጨት ይሆናል። ሁለት ወር ሙሉ ጓደኞቼ ጥለውኝ ሲያልፉ አለቀስኩ። ጋሽ ሰብሃት ግን አንድ ቀን አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ መሬት ጠላትሽ አይደለችም» እያሉ ጭንቅላቴን በእጃቸው ደግፈው ቀስ አድርገው ያስተኙኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሆነው። ሐሙስ ከገበያ ስመለስ ሙሌ ባጃጅ አስቁሞ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሦስት ጊዜ እምቢ ያልኩት ሰው ነው። «ዛሬ እምቢ የለም» ብሎ ትከሻዬን ይዞ ወደ ባጃጁ ገፋኝ። ጮህኩ፤ ሰው ሩቅ ነበር። ብታገለው አልቻልኩትም። ያኔ መታገሉን ተውኩት። ኮሌታውን ጨምድጄ ጭቃው ላይ ተንጋለልኩ። እግሬ ሆዱን ሲያገኘው ተሰማኝ፤ በላዬ አልፎ ቦዩ ውስጥ ተዘረጋ። ባለባጃጁ ጥሎት ፈረጠጠ።

ልሮጥ ስነሣ «ትሕትና፣ ክንዴን!» እያለ ሲያቃስት ሰማሁት። እማዬ፣ አንጀቴ አልቻለም። ራቅ ብዬ ቆሜ ሰው ተጣራሁ፤ ክንዱን እንዲያስሩበትም ነጠላዬን ሰጠኋቸው። ትከሻው ወልቆ ነበር። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ከሰስኩት። በሳምንቱ እናቱ መጥተው እግሬ ላይ ወድቀው «ክሱን ተይልኝ» አሉኝ። አነሣኋቸው፤ አብሬያቸው አለቀስኩ። ክሱን ግን አልተውኩም። አጠፋሁ እንዴ?

ባለፈው ቅዳሜ ሥልጠና ስሄድ የሙሌ ታናሽ እህት ህይወት በሩ ላይ ቆማለች። ልትሰድበኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሷ ግን «እኔንም ለማላውቀው ሰው ሊድሩኝ ነው» አለችኝ። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ገባችና «መውደቁ ያማል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አክስቴ በዛወርቅ ጉንጭሽን ትስማለች፤ መድኃኒትሽን እንዳትረሺ ብላለች። ወንድሜ ኢያሱ ፈተናውን አልፏል፣ እጅ ነሥቶሻል። ጋሽ ሰብሃትም «እናትሽን በርቺ በይልኝ» ብለዋል።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ ትሕትና
ቦንጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.