አልገባኝም ያሉት ርእሰ መምህር

ጋሼ እስቲ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። አፋቸውን ከፈቱ ጀምሮ ነገራቸውን ሁሉ “እስቲ” ብለው ስለሚጀምሩ ቅጽል ስሙ ወጣላቸው፤ እሳቸውም ወደዱት።

በ1961 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ማስተማር ጀመሩ። በ1966 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ አገቡ። በጋብቻው ዕለት ፈቃዳቸውን ሲጠየቁ “እስቲ መጀመሪያ እሷን ጠይቋት” ብለው ታዳሚውን በሳቅ ፍርስ አደረጉት። ባለቤታቸውም እሺ ብለው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱላቸው።

በ1979 ዓ.ም. ርእሰ መምህር ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ቢሯቸውን ዘግተው ይጸልዩ ነበር፤ የሚለምኑትም በሹመት ጆሯቸው እንዳይደፈን እንደነበር ለባለቤታቸው ነግረዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ከክፍል ክፍል ሲዞሩ ስለሚውሉ፣ ወንበራቸው ላይ እሳቸውን ማግኘት ዘበት ነበር።

በዚያው ዓመት የአንዲት ወጣት የሒሳብ መምህርት ክፍል በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ከሞላ ጎደል ስለወደቀ፣ የወላጅ ኮሚቴው ከሥራ እንድትወጣ ወሰነ። የቀረው የጋሼ እስቲ ፊርማ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ሳይፈርሙ ክፍሏ ገቡና፣ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው ሥር አልገባ እያላቸው፣ ከኋላ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጡ። መምህርቷ ክፍልፋይ አስተምራ ስትጨርስ እንደ ወትሮው “ገባችሁ?” አለች። ክፍሉም እንደ ወትሮው ባንድ ድምፅ “አዎ!” አለ። ጋሼ እስቲ እጃቸውን አወጡ።

“የኔ ልጅ፣ እኔ አልገባኝም።”

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ከፊት የተቀመጠች ልጅ እሷም እንዳልገባት ተናገረች፤ ወዲያው ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። መምህርቷ እንባዋን ጠርጋ ጠመኔዋን አነሳችና የቱ ጋ እንደጠፋባቸው ትጠይቃቸው ጀመር። ኋላ ምክትላቸው እውነት አልገባዎትም ነበር ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ክፍልፋይ ድሮም እንደማይሆንላቸው ሳያፍሩ ነገሩት። ኮሚቴው ውሳኔውን አነሳ፤ በዓመቱ መጨረሻም ክፍሉ አለፈ። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤቱ “ገባችሁ?” ቀርቶ “የቱ ጋ ጠፋባችሁ?” ሆነ፤ በመምህራን ስብሰባም ጭምር።

በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ለልብ ሕመማቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሐኪማቸውን ሳይቀር ምሳ በልተህ ነው ወይ እያሉ እየጠየቁ፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ያቺ ወጣት መምህርት ዛሬ አንቱ የምንላቸው ርእሰ መምህርት ናቸው። የጋሼ እስቲን ሣጥን እዚህ ድረስ ተሸክመው ያመጡትም ያን ጊዜ ወደቁ የተባሉት ተማሪዎቻቸው ናቸው።

ትሕትናቸውን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል፤ እኛንም እሳቸው ያሳቁንን ያህል ያጽናናን። አሜን።