ትኬት ተቆጣጣሪው አባቴና ያልቀጠርኩት ጠበቃ

ቀን፦ ኦክቶበር 9 ቀን 2019

ለክብርት ወይዘሮ ሂልዳ ክራብትሪ
የኤልድወርዝ አውራጃ ጤና ጽሕፈት ቤት
የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ወጪ ክፍል ኃላፊ
ኤልድወርዝ

ጉዳዩ፦ አባቴ የከፈሉት የእንክብካቤ ገንዘብ እንዲመለስ፣ እንዲሁም እናንተን የሚከስ ጠበቃ ልቅጠር ወይስ አልቅጠር የሚለውን እናንተው እንድትመክሩኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ግሌኒስ ኦልድሮይድ፣ በላርክፊልድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሚኖሩት የአቶ ሬጂናልድ ኦልድሮይድ ልጅ ነኝ። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በከተማችን አውቶቡሶች ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። አእምሯቸው ከደከመ ወዲህ መንከባከቢያ ቤቱን አውቶቡስ አድርገውታል። በምሳ ሰዓት በየጠረጴዛው እየዞሩ ትኬት ይጠይቃሉ፤ ትኬት የሌለው ሰው ሾርባውን ትቶ በሚቀጥለው ፌርማታ እንዲወርድ ይታዘዛል።

2. መሥሪያ ቤታችሁ የአባቴ ችግር የዕድሜ እንጂ የሕመም አይደለም ብሎ ስለወሰነ ወጪውን በእናንተ ፈንታ የሚሸፍኑት ራሳቸው ናቸው። ለዚሁ ሲባል ቤታቸው ተሸጠ፤ ያም ገንዘብ ተሟጦ አሁን ለገና እንኳ አይደርስም። ሲያልቅ ወደ ርካሽ ቤት ይዛወራሉ ተብለናል። ሄጄ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም ደጎች ናቸው፤ መስኮቱ ግን የሚያየው ግድግዳ ነው። በላርክፊልድ ከአባቴ መስኮት ፊት ለፊት የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። ጠዋት ተነሥተው የሚላጩት ለዚያ ፌርማታ ሲሉ ነው። አውቶቡስ በዘገየ ቁጥር መስታወቱን እያንኳኩ ሾፌሩን ይገሥጻሉ፤ አንዳንዱ ሾፌር እጁን አንሥቶ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል። ይህ ከተወሰደባቸው ምን እንደሚቀራቸው አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር እፈራለሁ።

3. ውሳኔው የተሳሳተው በእናንተ ክፋት ሳይሆን በአባቴ ጨዋነት ነው። መርማሪዋ ነርስ እንደምትመጣ አስቀድማችሁ በደብዳቤ ነገራችሁን። አባቴ እንግዳ እንዳለ ሲሰሙ ክራባት አሰሩ፣ ጫማ አስወለወሉ፣ የደንብ ኮፍያቸውን ደፉ። እኛ ዘንድ ሰው እግሩ ተቆርጦም ቢሆን "እንዴት ነህ?" ሲባል "ደህና፣ ምን አማርራለሁ" ነው መልሱ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደተባለው ሆነ።

ነርሷ "አቶ ኦልድሮይድ፣ እንዴት ነዎት?" አለቻቸው። "እጅግ ደህና፤ እርስዎስ? ትኬትዎን ቢያሳዩኝ" አሉ። የሥራ መታወቂያዋን ሰጠቻቸው። ዘቅዝቀው መረመሩትና "እስከ ገበያው ያስኬድዎታል" ብለው መለሱላት። ይህ በሪፖርቱ "ሐሳቡን በሚገባ ይገልጻል" ተብሎ ገባ። ቀጥለው ከእጅ መታጠቢያው ላይ የሎሚ ሽታ ያለውን ሳሙና አንሥተው እንደ ብስኩት ሻይ ውስጥ እየነከሩ በሉት። "የምግብ ፍላጎቱ መልካም ነው።" የደም ግፊት መድኃኒታቸውን "ያለ ችግር ይወስዳል" የተባለውም ልክ ነው፤ የሚወስዱት ግን ወደ አበባው ማሰሮ ነው። አበባው ግፊቱ ተስተካክሎለት እንደ ጉድ አድጓል።

4. ወንድሜ ክላይቭ ጠበቃ ካልቀጠርን ብሎ ቆሟል። ከዓሣና ድንች ጥብስ ቤቱ በላይ ቢሮ ያላቸውን አቶ ፔንድልበሪን አነጋገርን። "ካልረታሁ ሳንቲም አልቀበልም፤ ከረታሁ ከሚመለሰው ገንዘብ ሩቡ የእኔ ነው" አሉን። ጎበዝ ሰው ይመስላሉ፤ ካፖርቴ ግን ከዚያ ወዲያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ነገሩ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ስለ አባትሽም አንድ ደግ ቃል እንዳትጽፊ፣ ጤነኛ ያስመስላቸዋል ብለው አስጠንቅቀውኛል። ክላይቭ "ሩቡ ቢሄድ ሦስቱ ሩብ ይቀራል! አንቺ እኮ ሌባ ቢገባብሽ ሻይ ላፍላልህ የምትዪ ነሽ" ይለኛል። አክስቴ ኤድና ደግሞ "ኦልድሮይዶች አንድ ጊዜ በአጥር ነገር ፍርድ ቤት ቆመን አጥሩንም ጎረቤቱንም አጣን" ትላለች። እኔን የሚያሳስበኝ ሞኝ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል የሚባለው ነው። ሩቡን ፈርሜ ከሰጠሁ ያ ሞኝ እኔ እንዳልሆን እሰጋለሁ፤ ካልፈረምኩም ሞኟ እኔው ነኝ ይላል ክላይቭ።

5. እናንተን መጠየቄን ክላይቭ ሲሰማ "ዶሮ ስለ ቆጧ ከቀበሮ ጋር ትማከራለች?" ብሎ ሳቀብኝ። ቀበሮ ያላችሁ እሱ እንጂ እኔ አለመሆኔ ይመዝገብልኝ።

6. ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ነርሷ ሳትነግረን፣ ክራባቱ ሳይታሰር፣ ድንገት ትምጣልን፤ ከሰዓት በኋላ ብትሆን ይሻላል፣ ያን ጊዜ አባቴ የልብስ ቁም ሣጥኑን እንደ አውቶቡስ ሾፌር በጊዜህ አልተነሣህም ብለው ይቀጡታል። ውሳኔውም ከገና በፊት ይድረሰን። ይህ የማይቻል ከሆነ "ጠበቃሽን ቅጠሪ" ብላችሁ በአንድ መስመር ጻፉልኝ። አልቀየማችሁም፤ ክላይቭም ደስ ይለዋል።

7. አንድ ነገር ቀርቶኛል። ወደ መጨረሻ የገፋሁት ስለከበደኝ ነው። ሪፖርቱ "ልጁን ያውቃታል" ይላል። ነርሷ ወደ እኔ እያመለከተች "ያውቋቸዋል?" ስትል አባቴ ብድግ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁና "እንዴታ! እንዴት አላውቃቸውም? ይቀመጡ እንጂ፣ እመቤቴ" አሉ። አባቴ በዘመናቸው እመቤቴ ብለውኝ አያውቁም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በር በከፈትኩ ቁጥር የሚሉኝ "ጣጣዬ መጣች!" ነው። በሠርጌ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ቄሱ ፊት፣ ያሉኝም ይህንኑ ነው። አሁን ከሰማሁት ቆየሁ፤ እጅግ ይናፍቀኛል። ያን ዕለት እንደተባልኩት ተቀመጥኩ። ነርሷ "አንቺስ ደህና ነሽ?" ስትለኝ "ደህና፣ ምን አማርራለሁ" አልኳት።

ስለዚህ እመቤቴ ሲሉኝ ብትሰማ "ያውቃታል" ብላ አትጻፍ። "ጣጣዬ መጣች" ያሉኝ ዕለት እኔው ራሴ ደውዬ አቤቱታዬን አነሣለሁ፤ ጠበቃም አልይዝም፣ ገንዘቡንም አልፈልገውም።

ይህን ሁሉ ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ከአክብሮትና ከመላው የኦልድሮይድ ቤተሰብ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ግሌኒስ ኦልድሮይድ

ግልባጭ፦
ለወንድሜ ለክላይቭ (እንዲረጋጋ)

አባሪ፦
አንድ የአውቶቡስ ትኬት፣ ደርሶ መልስ። ለነርሷ ነው፤ አባቴ በመታወቂያ ሁለተኛ አያሳልፏትም።