አቡሽን ስለመረቃችሁበት እሁድ

ለክቡር ጋሽ ኃይለ ልዑል
የመተሳሰብ ዕድር ሊቀመንበር
ሰመራ

ክቡር ሆይ፣ የሰመራ ፀሐይ ለእርስዎ ብቻ ትንሽ ቀዝቀዝ ብላ እንድትወጣ፣ የቤትዎ ቬንትሌተር መብራት በጠፋ ጊዜም እንዲዞር፣ ደም ግፊትዎም እንደ ንግግርዎ ከፍ እንዳይል ከልቤ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ከባድ ኃጢአት መናዘዝ አለብኝ። ይህ ደብዳቤ በዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈበትን ፕላስተር ከዕድሩ መሳቢያ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ያለ ቃለ ጉባኤ። ጠቅላላ ጉባኤው የፈረደውን እቀበላለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ የታናሽ ወንድሜ የአቡሽ ግራ ጆሮ በመግል ጠፍቶ ቀኙም እየደከመ ነበር። አዲስ አበባ ወረፋው ለሚመጣው ዓመት ሲሆንብን፣ ከውጭ የመጡ የጆሮ ሐኪም ጅቡቲ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ብቻ ቀዶ ጥገና እንደሚያደርጉ ተሰማና እናቴ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቀጠሮ አስያዘች፤ ዕድሩም ብሩን አዋጣ። ለመዋጮው ያለ ምንም ቀልድ አመሰግናለሁ። የቀረውን ምስጋናዬን ግን በቁጥር ማስቀመጥ ግድ ሆኖብኛል።

1ኛ፦ ብሩ ረቡዕ ዕለት ተሟልቶ ነበር። ለተሰብሳቢው ውሃ እያደልኩ፣ «ዛሬ ይሰጠንና እማዬ ባንክ አስገብታ ዶላር ታውጣበት» ብዬ አፌን መክፈቴን አልክድም። እርስዎም «አንቺ ልጅ፣ በትልቅ ሰው መሃል ዶላር ዶላር አትበይ! የዕድር ገንዘብ ሰው ሁሉ እያየ፣ ተመርቆ ነው የሚሰጠው» ብለው ርክክቡን ለእሁድ ቀጠሩት። ጉዞው ሰኞ ንጋት ሆኖ ሳለ እሁድ ባንክ መዘጋቱ የባንኩ ድፍረት እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

2ኛ፦ እናቴ «ጅቡቲ በብር አያክሙም አሉ» ብላ በፍርሃት ብትናገር፣ «የኢትዮጵያን ብር የማይቀበል ሐኪም ቢቀር ይሻላል!» ብለው አጽናኗት፤ ቤቱም አጨበጨበ። ከሽማግሌዎቻችን መካከል ከአዋሽ አርባ እስከ ሰመራ ካለው መንገድ ውጭ የሄደ ባይገኝም፣ በውጭ አገር ስለ ገንዘብ አያያዝ ያልመከረ አልነበረም። አንዱ ካልሲ ውስጥ፣ ሌላው የአቡሽ ትራስ ውስጥ ሲሉ ቆይተው፣ በመጨረሻ እትዬ ስንቅነሽ መርፌያቸውን አምጥተው ብሩን በእናቴ የውስጥ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ሰፉት። ስፌታቸው ሊመሰገን ይገባል፤ ጋላፊ ድንበር ላይ ፈታሿ በምላጭ እስክትተረትረው ድረስ ላብ በላብ ሆናለች።

ከተፈቀደው በላይ ብር ይዞ ከአገር መውጣት ክልክል መሆኑን እናቴ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ፈታሿ የሐኪሙን ወረቀት አይታ አዘነችላትና ገንዘቡን ሳትወርስባት «እህቴ፣ ተመለሺና በባንክ ዘርዝሪው» አለቻት። እናቴ የተተረተረ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ በከባድ መኪኖቹ መሃል ቆማ አለቀሰች። ሾፌሩ አማን በዲቾቶ በኩል ሲመልሳቸው ሬዲዮኑን ዘጋው፤ «ወላሂ ሒሳብ አልቀበልም» ብሎም ማለ። አቡሽ ግን ሬዲዮኑ መዘጋቱን ስላላወቀ እስከ ሰመራ ድረስ ጭንቅላቱን ሲወዘውዝ መጣ።

3ኛ፦ ባንኩ ዶላሩን እስኪሰጥ ቀናት ሄዱ። እናቴና አቡሽ ጅቡቲ ሲገቡ ሐኪሙ በዋዜማው ወደ አገራቸው ተሳፍረዋል። በሆስፒታሉ የቀረው ዶክተር የአቡሽን ጆሮ በመብራት አይቶ፣ ቀኙ የሚመጣውን ዓመት እንደማይጠብቅ ለእናቴ ነገራት። አልጠበቀም፤ ባለፈው ወር ግራውን ተከተለ። ቢቀር ይሻላል ያሉት ሐኪምም እንደ ቃልዎ ቀረ።

4ኛ፦ ገንዘቡ ተመልሶ ዕድሩ ካዝና ገብቷል። በዓመታዊ ሪፖርትዎ «ጉዞው ያለ ኪሳራ ተጠናቋል» ብለው ስላቀረቡት እንኳን ደስ ያለዎ።

ምርቃትዎ የረዘመ፣ ስብሰባዎ ከልጅ አፍ የተጠበቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከተቀመጡበት ወንበር ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ለደኅንነቴ ስል ስሜን ያልጻፍኩ፣
ውሃ አዳይዎ፣ የአቡሽ እህት

ማከያ፦ ቢሮዎ ውስጥ የሰቀሉትን የዚያን እሁድ ፎቶ በመስኮት አየሁት። እርስዎ ሲናገሩ ገሚሱ ሰው ያንቀላፋል፤ ዓይኑን ከአፍዎ ላይ ያልነቀለው አቡሽ ብቻ ነው። ያን ዕለት ማታ «ጋሼ ምን አሉኝ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ትድናለህ አሉህ» ብዬዋለሁ። እስካሁን ያምንዎታል። ይህችን መስመር ሰሌዳው ሥር ቆሜ ስጭር አቡሽ በቅያሱ ጫፍ ሲመጣ ይታየኛል። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ የሚጠራኝ ባለ በሌለ ጉሮሮው ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሰሌዳው አጠገብ ካለው የቢሮዎ በር ጀርባ ነዎት፤ ቀስ በል ብዬ ብንሾካሾክለትም እንደማይሰ—

«ሄዋን! ሄዋንዬ!»